በመስኮቱ ሥር የነበረኝ ሰፊ ቦታ

ሊይዙኝ የመጡት፣ ሙሽሮች ፎቶ እያነሳሁ ሳለ ነው። ጭሮ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ። ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ ሰርግ እቀርጻለሁ፣ ኒካህም ይሁን ምርቃት ለጠራኝ ሁሉ ካሜራዬን ይዤ እሄዳለሁ። ያን ቀን ሙሽሪት መጋረጃው ፊት ተቀምጣ አገጯን ቀና እንድታደርግ እየነገርኳት ነበር። ሁለት ሰዎች ገብተው በሩ አጠገብ ቆሙ። ተራ የሚጠብቁ ደንበኞች መስለውኝ፣ ሳልዞር፣ "ትንሽ ታገሡኝ" አልኳቸው። ታገሡኝ። ፎቶውን አንስቼ፣ ሙሽሮቹን መርቄ እስክሸኝ ድረስ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ከዚያ አንደኛው፣ "ካሜራውንም ያዘው" አለኝ።

ጥፋቴ የተባለው፣ ከሰርግ ስመለስ መንገድ ላይ የተሰበሰቡ ወጣቶችን መቅረጼ ነበር። ማንም አልላከኝም። ካሜራው ትከሻዬ ላይ ነበር፤ ሰው ሲሮጥ አየሁ፤ ቀረጽኩ። በምስሉ ውስጥ ፊቱ ጥርት ብሎ የሚታይ አንድ ጎረምሳ አለ። መርማሪው ምስሉን ደጋግሞ እያሳየ ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። አላውቀውም አልኩ። እውነቴን ነበር። በየሰርጉ የማየው ፊት ብዙ ነው፤ የእሱን ግን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። መርማሪው ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ለጠጥ ብሎ አየኝና፣ "እኔም በአንተ ቦታ ብሆን አላውቀውም ነው የምለው" አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ሰው ሲዋሽ ሰምቶ ሰምቶ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። ከዚያ በኋላ ያልኩትን ሁሉ ያንኑ ያህል ነው ያመነኝ።

ጥቂት ቆይተው ከጭሮ አውጥተው ወደ ሌላ ከተማ ወሰዱኝ። ስሟን አልጠራም፤ ሰዎቿ ምንም አላደረጉኝም። ደጋ ናት፤ ማለዳ ማለዳ ጉሙ ከቤት ጣሪያ በታች የሚሄድባት። የታሰርንበት ቤት ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሰው ሳይሆን ሙቀት ነው። ውጭ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ከውስጥ የወጣው አየር ግን የሞቀ፣ የረጠበ፣ ከባድ ነበር። ላብ፣ እርጥብ ጨርቅ፣ የማዳበሪያው ሽታ፣ ከዚያ ሁሉ ሥር ደግሞ ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ ሣጥን የሚመስል ሽታ። መነጽሬ ወዲያው ጉም ለበሰ። አወለቅኩት። ያለ መነጽር ደግሞ የሚታየኝ ጥቁር ነገር ብቻ ነው፤ ጥቁሩ ነገር ይተነፍሳል።

"እንኳን ደህና መጣህ አይባልም እዚህ" አለ ከውስጥ አንድ ድምፅ። "ግባ አቦ። ጫማህን አውልቅ።"

የክፍሉ ካቦ ነበር። ትከሻው ሰፊ የሆነ ጫት ነጋዴ፤ እስረኞቹ ራሳቸው የመረጡት። ማን የት እንደሚተኛ፣ ማን መጀመሪያ ሽንት ቤት እንደሚወጣ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚበላ የሚወስነው እሱ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ። ለአዲስ ገቢ የራሱን ነጠላ የሚያበድር ሰው ነው፤ ለእኔም አበድሮኛል።

ቤቱ ለከረጢት እንጂ ለሰው አልተሠራም። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ አንድ ብቻ፣ እሱም ከፍ ብሎ በብረት የታጠረ። መስኮቱን የደፈኑት ጠባቂዎች ሳይሆኑ እስረኞቹ ናቸው። ብርዱን ሸሽተው ጆንያ፣ አሮጌ ሹራብ፣ ያገኙትን ሁሉ ጠቅጥቀውበታል። የምንተኛው በጎናችን ነው፤ አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም ይገላበጣል። ጉልበቴ የማላውቀው ሰው ጉልበት መገጣጠሚያ ውስጥ ገብቶ ያድራል፤ ጀርባዬ ላይ የሌላው ትንፋሽ ይነድዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያን ጠልቼው ነበር። ሰው የሚጠላውን አያውቅም።

በነጋታው የቀሰቀሰኝ ግንባሬ ላይ ያረፈ ጠብታ ነው። ጣሪያው የሚያፈስ መሰለኝ።

"ውጭ እየዘነበ ነው?" አልኩ።

"አይደለም" አለኝ አጠገቤ የተኛው ሰው። "የኛው ትንፋሽ ነው። ማታውን ሙሉ ቆርቆሮው ላይ ይለጠፋል፤ ጠዋት መልሶ ይወርድብናል።"

ይህ ሰው ቦኬ አካባቢ ይሠራ የነበረ የጤና መኮንን ነው። ቀጭን፣ ሲናገር እጁን የማያወናጭፍ፣ ቃሉን ለቅሞ የሚያወጣ። ሁሉም "ዶክተር" ይለዋል፤ እሱ ደግሞ ዶክተር እንዳልሆነ ማስረዳቱን ትቶታል። ለምን እንደታሰረ አልጠየቅኩትም፤ እሱም እኔን አልጠየቀኝም። ትንሽ ብርሃን ሲገባ ከኋላችን ያለውን ግድግዳ አሳየኝ። ከወለሉ ተነስቶ እስከ ሰው ደረት ድረስ ጠቁሯል። እኔ ጭስ መስሎኝ ነበር።

"ሻጋታ ነው" አለኝ። "ሕይወት አለው። እኛ ያወጣነውን እርጥበት እየጠጣ ያድጋል። ከዚያ ብናኙን ይለቅልናል፤ እኛ ደግሞ እሱን እንስባለን።" ቀጥሎም፣ "ተካፍለን ነው የምንኖረው" አለ። የቀለደው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሳሉ የጀመረኝ ከዚያ ብዙ ሳይቆይ ነው። መጀመሪያ ጉሮሮዬን የሚበላኝ ነገር ነበር፤ ቀጥሎ ደረቅ ሳል፤ ቀጥሎ ሊነጋጋ ሲል የሚመጣና ትንፋሽ እስኪያጥረኝ የማይለቀኝ ሳል። በዚያ ቤት የማይስል ሰው አልነበረም። የእኔ ግን ከሁሉም ጮክ ይላል። ስጀምር ቤቱ ጸጥ ሲል ይታወቀኛል። አንድ ጠዋት አፌን ከያዝኩበት ጨርቅ ቀና ስል ሁሉም ሲያዩኝ አገኘኋቸው።

ካቦው ነው የጠየቀው፤ እኔን ሳይሆን እሱን። "ዶክተር፣ ይሄ ሰው ምን ሆኖ ነው?"

የጤና መኮንኑ ቀና ብሎ አየኝ። "መመርመር አለበት" አለ።

የተናገረው ሁለት ቃል ነው። ሰዎቹ የሰሙት ግን ሁለተኛውን ብቻ ነበር። አለበት። ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ እዚያው ተቀምጬ ሰማሁት። "አለበት ወይ?" "አለበት አለ ዶክተሩ።" "ሳንባ ነው፤ አለበት።" ጥግ ያለው ሰው ጋ ሲደርስ እኔ አንድ ዓመት የታመምኩ ሰው ሆኜ ነበር።

"አለበት አላልኩም" አለ የጤና መኮንኑ። "ሊሆን ይችላል፤ ላይሆን ይችላል። የሚታወቀው ሲመረመር ነው። እስከዚያ ድረስ እሱን አትፍሩት፤ ይሄን ቤት ፍሩት። በዚህ አየር ዛሬ እሱ ባይስል ነገ ሌላው ይስላል። መስኮቱን ክፈቱት።"

ጫጫታ ተነሳ። እኛ አገር ሰው ከጠላቱ ይልቅ ንፋስ ይፈራል። "በዚህ ብርድ? ንፋስ መትቶን እንሙት?" አለ አንዱ። ሌላው ደግሞ፣ "ንፋሱ ከውጭ ሲገባ የሱን ሳል ይዞልን አይመጣም ወይ?" ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ እኔም መልሱን ለመስማት ጓጓሁ።

"አየር ከሌለ ይከማቻል" አለ የጤና መኮንኑ። "አየር ካለ ይበተናል። አንድ ጭብጥ ጨው ብርጭቆ ውስጥ ብትጨምርና ወንዝ ውስጥ ብትጨምር አንድ ነው?"

ካቦው ፂሙን እያሻሸ ሲያስብ ቆየ። መኖሪያ ቤቱ ሕፃናት እንዳሉት፣ ትንሿን ልጁን ገና አንድ ጊዜ ብቻ እንዳቀፋት ሁላችንም እናውቃለን። "ይከፈት" አለ። "ግን ከሥሩ እሱ ይተኛ። ሳሉም እዚያው ይቅር፣ ብርዱም እዚያው ይቅር።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "አትቀየመኝ፣ ወንድሜ። ወላሂ፣ ለነዚህ ሁሉ ስል ነው" አለኝ።

ጆንያው ተነቀለ። ወደ ውስጥ የገባውን አየር አሁንም አስታውሰዋለሁ፤ እርጥብ ሣርና የጭነት መኪና ጭስ ይሸት ነበር። አንዳንዶቹ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ጠብታው በማግስቱ ቀነሰ፤ በሦስተኛው ጠዋት ከጣሪያው ምንም አልወረደም። ይህን ግን ያነሳ ሰው የለም።

እኔ ከመስኮቱ ሥር ተዛወርኩ። የያዝኩትን አንጥፌ ስቀመጥ ሰዎቹ ትንሽ ሸሸት አሉ። ሲመሽ ደግሞ ትንሽ። በጎናቸው ተደራርበው የሚተኙ ሰዎች፣ አንዱ በሌላው ላይ እግሩን ጭኖ የሚያድር ሰዎች፣ ለእኔ ባዶ ወለል ተዉልኝ። በጀርባዬ መንጋለል እችላለሁ። ሁለቱንም እጄን መዘርጋት እችላለሁ። በዚያ ቤት ከሁሉም የሰፋ ቦታ የነበረኝ እኔ ነበርኩ፤ ለአንድ ስንዝር ሲጣሉ በሚውሉ ሰዎች መሐል። ማንም ግን አልቀናብኝም።

ምግቤም ተለየ። ባለቤቴ ከጭሮ ወደዚያ በሚመላለስ ሾፌር ምግብ ትልክልኝ ነበር። በፊት ከቤት የመጣ ሁሉ አንድ ላይ ይቀርባል፤ የእሷ ድንች ወጥ ደግሞ ተወዳጅ ነበር። አሁን የእኔ ሳህን ለብቻው ይገፋልኛል። ብቻዬን መጨረስ አልችልም፤ ተርፎ ይመለሳል። እሷ ሳህኑን ስታየው እየበላሁ እንዳልሆነ አስባ ታለቅስ እንደነበር የነገረችኝ በኋላ ነው። ከእኔ ሌላ አንድ ጴንጤ እዚያ ነበር፤ ማለዳ አብረን ነበር የምንጸልየው። እሱም ከማዶ ሆኖ፣ "ወንድሜ፣ እየጸለይኩልህ ነው" አለኝ። መጸለዩን አልጠራጠርም። ከማዶ ነበር የሚጸልየው።

ሳይሸሸኝ የቀረው የጤና መኮንኑ ብቻ ነው። ቀን ቀን መስኮቱ ሥር መጥቶ አጠገቤ ይቀመጣል፤ ስለ ልጆቹ ያወራኛል፤ ጠባቂ በመጣ ቁጥር፣ "ይሄ ሰው ይመርመር" ይላል። መጀመሪያ አኩርፌው ነበር። ያን ቃል ባይናገር ኖሮ እላለሁ። እሱም ገብቶታል መሰለኝ፣ አንድ ቀን ሳልጠይቀው፣ "ዝም ብል ኖሮ መስኮቱ አይከፈትም ነበር" አለኝ። ይቅርታ አልጠየቀም። የተናገረው ትክክል ነበርና ምን ብሎ ይጠይቅ።

አንድ ጠዋት በሩ ተከፈተና ስሙ ተጠራ። "ዕቃህን ይዘህ ውጣ" ተባለ። ሊፈታ ይሁን ሊዛወር ማንም አልነገረንም። በሩ ጋ ሲደርስ ለጠባቂው፣ "የዚህን ሰው ምርመራ አደራ" አለው፤ ለእኔ ደግሞ፣ "ራስህን ወደ መስኮቱ አድርገህ ተኛ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ጠባቂው አደራውን አልበላም። ሁለት ፖሊሶች እጄን አስረው በእግሬ ወደ ሕክምና ወሰዱኝ። የገበያ ቀን ነበር። ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ። ተራቸውን ከሚጠብቁ ታካሚዎች ጋር አግዳሚ ላይ ስቀመጥ ሰዎች ሸሸት አሉ፤ ከካቴናው ይሁን ከሳሉ የሸሹት አላውቅም። አክታ ሰጠሁ። ከአንዴም ሁለቴ ወሰዱኝ። በመጨረሻ ያየችኝ ሐኪም ጀርባዬን አዳምጣ፣ የላቦራቶሪውን ውጤት ተቀብላ፣ "ቲቢ የለብህም" አለችኝ።

እንድትደግምልኝ ጠየቅኳት። ደገመችልኝ።

"የምትተኛበት ቤት ሻጋታ አለው?" አለችኝ ቀጥላ።

"አለው።"

"አየር ያስገባል?"

"አንድ መስኮት አለ።"

"ስንት ሆናችሁ ነው የምትተኙት?"

ፖሊሶቹን አየኋቸው። አንደኛው ጫማውን ያያል። "ብዙ ነን" አልኩ።

"ደረትህን ያስቆጣው እሱ ነው። የሚዋጥ ነገር እሰጥሃለሁ፤ ዋናው መድኃኒት ግን እዚያ ቤት አለመተኛት ነው።" ያለችው ለራሷ ተሰማት መሰለኝ። ካቴናውን አየች። "ይቅርታ" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። ለምን ይቅርታ እንደጠየቀችኝ አላውቅም። በታሰርኩበት ጊዜ ሁሉ ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው እሷ ብቻ ነች።

ስመለስ በደስታ ነው የገባሁት። በሩ ከኋላዬ ሳይዘጋ፣ "የለብኝም" አልኩ። "ተመርምሬ የለብህም ብለውኛል።"

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

"ማን አለ?" አለ ካቦው።

"ሐኪሟ።"

"ወረቀት ሰጡህ?"

"በቃል ነው የነገሩኝ። ፖሊሶቹም ሰምተዋል።"

ካቦው አንገቱን ነቀነቀ፤ በማዘን ነው እንጂ በመቆጣት አይደለም። "አየህ ወንድሜ፣ እኔም በአንተ ቦታ ብሆን የለብኝም ነው የምለው" አለኝ።

ያን ዓረፍተ ነገር ከዚያ በፊት የሰማሁበት ቦታ ትዝ አለኝ። መርማሪው ሲለው አልጎዳኝም ነበር፤ ሥራው ነው። ሄጄ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ። ቦታዬ እንደ ድሮው ሰፊ ነው። ሐኪሟ የሰጠችኝን ኪኒን ለመዋጥ ውኃ ስቀዳ እንኳ ኩባያው ለብቻው ነበር። ስውጥ አይተው፣ "ይኸው፣ መድኃኒቱን ጀምሯል" ተባባሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከሁሉም ረዘመብኝ። ብርዱ ጸንቶ ነበር። ማታ ማታ ከማዶ የሰዎቹ ሙቀት ይሰማኛል፤ እዚያው ቤት ውስጥ ሆኜ ሌላ ሰው ቤት የሚነድ እሳት እንደማየት ያህል። በመስኮቱ የምትታየኝ ሰማይ መሐረብ ታህላለች። ጫት የጫኑ አይሱዙዎች ጥሩንባቸውን እየነፉ ሲፈተለኩ እሰማለሁ። ቅዳሜና እሑድ የሰርግ መኪኖች ያልፋሉ። ሥራዬ ነውና በጥሩንባው ብቻ ሁሉን አውቃለሁ፤ ይሄ ሙሽራውን ሊያመጡ ነው፤ ይሄ ሙሽሪትን ይዘው ወጡ፤ ይሄ ለፎቶ ወደ ዳገቱ እየወጡ ነው። ሌላ ሰው እየቀረጻቸው ነው። ከሰው ጋር ሳላወራ የዋልኩባቸው ቀናት ነበሩ። ድምፄን ለመስማት ያህል አንዳንዴ፣ "አገጭሽን ቀና አድርጊ" እላለሁ፤ ቀስ ብዬ።

አንድ ቀን ምሽቱ ሲቃረብ በሩ ተከፈተና አንድ ሽማግሌ አስገቡ። ሽርጥ ያገለደሙ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ፂማቸው በሂና የቀላ የገጠር ሰው ናቸው። ልጃቸው ተፈልጎ ስለጠፋ በልጃቸው ፈንታ እንደያዟቸው በኋላ ሰማን። ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ከብርዱ ይሁን ከመንገዱ። "አሰላሙ አለይኩም" አሉ። ሁላችንም መለስን።

ካቦው ተነስቶ ዙሪያውን አየ። ቦታ የለም። ሁለት ሰዎች ትናንት መጥተው ቤቱ እስከ በሩ ሞልቷል። ከዚያ ዓይኑ ወደ እኔ መጣና መልሶ ሸሸ። ሁሉም የት እንደሚያይ ያውቃል፤ የሚናገር ግን ጠፋ።

"አባ" አልኩ፤ "እዚህ ቦታ አለ።"

ሽማግሌው መራመድ ሲጀምሩ አንዱ ሽርጣቸውን ያዝ አደረጋቸው። "አባ፣ እሱ ጋ አይሂዱ። ሳንባ ነው፤ ይተላለፋል።"

ቆሙ። መጀመሪያ የተናገረውን ሰው አዩት፤ ቀጥሎ እኔን። በዚያ ቤት ከሰው ሁሉ ፊት እንዲህ ቀጥ ብሎ ያየኝ ሰው ከረጅም ጊዜ ወዲህ አልነበረም። አማርኛቸው እንደ ብዙው ያገራችን ገጠር ሰው ነው፤ የሚያስፈልገውን ያህል።

"አንተ፣ እውነት ነው?" አሉኝ።

"እስላለሁ፣ አባ" አልኩ። "ተመርምሬያለሁ። የለብህም ብለውኛል። ወረቀት ግን የለኝም።"

"ወረቀት ለኔ ምን ያደርጋል? እኔ አላነብ።" ትንሽ ቀረብ አሉ። "አንተ ራስህ ምን አልክ? አለ ወይስ የለም?"

"የለብኝም።"

"ሀዬ፣ በቃ" አሉ። ቁጭ አሉና እግራቸውን ወደ እኔ ሰበሰቡ። "ተጠጋ እንጂ። በርዶኛል።"

ተጠጋሁ። ትከሻቸው ትከሻዬን ነካ። እግራቸው እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዞ ነበር፤ ጭኔ ሥር ሸጎጥኩላቸው። ሰው ከነካኝ ስንት ጊዜ እንደሆነው ለማሰብ ሞከርኩና ተውኩት። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ሰዎቹ ልስል ነው ብለው ጠብቀው ይሆናል። አልሳልኩም።

ትንሽ ቆይቶ ከማዶ አንዱ ተነሳ። "ለሽማግሌው ስንል መስኮቱን እንድፈነው" አለ። ጆንያውን ከጥግ አንስቶ መጣ። ብዙዎቹ ደስ አላቸው፤ ብርዱ የሁሉም ነው። የጤና መኮንኑ ቢኖር ኖሮ እሱ ይናገር ነበር። የለም። ተነስቼ ከመስኮቱ ሥር መንገዱን ዘግቼ ቆምኩ።

"አይደፈንም" አልኩ። ድምፄ ለራሴም አዲስ ሆነብኝ። "ከተደፈነ ያ ጠብታ ይመለሳል። የእሳቸውን ብርድ ለእኔ ተዉት።"

አባን አስነስቼ ከመስኮቱ ሥር ትንሽ ራቅ አድርጌ፣ ነፋሱ ከማይደርስበት አስተኛኋቸው። እኔ በእሳቸውና በመስኮቱ መሐል ገባሁ። ጃኬቴን አልብሼአቸው፣ ከካቦው የተበደርኩትን ነጠላ ደርቤላቸው ጀርባዬን ለነፋሱ ሰጠሁ። ብርዱ እንደ ቢላ ነበር። ሰውየው ጆንያውን እንደያዘ ቆሞ ካቦውን አየ።

ካቦው ነጠላው ሽማግሌው ላይ ተደርቦ አየ። "ተወው" አለ። "ሂድ ተኛ።"

በማግስቱ ምግቤ ሲመጣ አባ ሳይጠሯቸው እጃቸውን ታጥበው፣ "ቢስሚላህ" ብለው ከእኔ ሳህን በሉ። ድንቹን ወደዱት፤ ማን እንደሠራው ጠየቁኝ፤ ባለቤቴ አልኳቸው፤ መረቋት። ያን ቀን ሳህኑ ባዶውን ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ሰፊው ቦታዬ ጠበበ። ይቅርታ የጠየቀኝ የለም፤ ስለ ነገሩ ያነሳም የለም። ሰው በዛ፣ ቦታ ጠፋ፣ አንዱ ወደ አባ ተጠጋ፣ ሌላው ወደ እሱ ተጠጋ። አንድ ማለዳ ስነቃ የማላውቀው ሰው ጉልበት ጀርባዬ ላይ ነበር። ሳልነቃነቅ እንደዚያው ተኝቼ ቆየሁ። ካቦው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዳቦ እየቆረሰ፣ "ያ መስኮት ባይከፈት ምን እንሆን ነበር?" አለ፤ መልስ ግን አልጠበቀም።

አባ ከእኔ በፊት ተፈቱ። የአገር ሽማግሌዎች ተነጋግረው ነው ተባለ። ሲወጡ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና፣ "አሙቀኸኛል። አላህ ያሙቅህ" አሉኝ። ወደ በሩ ሲሄዱ መለስ ብለው ሰፈራቸውን ነገሩኝ፤ በደሳ አልፎ ያለች መንደር ናት።

እኔም ተራዬ ደርሶ ተፈታሁ። የዚያ ጎረምሳ ማንነት ተገኝቶ ይሁን ሳይገኝ ቀርቶ አልነገሩኝም። ሳሉ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ፤ ሐኪሟ ያለችው ልክ ነበር። ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። በደሳ አካባቢ ሰርግ ስጠራ አባ ሰፈር ጎራ ብዬ ነበር። ደህና ናቸው፤ ገበያ ወጥተዋል አለችኝ ልጃቸው። ዛፍ ሥር ተቀምጬ ጠበቅኳቸው። ሰርገኞቹ ደጋግመው ሲደውሉብኝ ተነስቼ ሄድኩ። ማን መጣ ልበላቸው ስትለኝ ምን እንደምል ግራ ገብቶኝ፣ "ጎረቤታቸው ነበርኩ በያቸው" አልኳት። እስካሁን አልተገናኘንም።

በቅርቡ ከቦርደዴ በሚኒባስ እየመጣሁ ነበር። መንገዱ ወደ ደጋው መውጣት ሲጀምር ሰው እንደ ልማዱ መስኮቱን ሁሉ ዘጋ። ከኋላ አንዲት ሴት ትስላለች። ሰዎች ሻሻቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡ፤ አጠገቧ የተቀመጠው ተነስቶ ከሾፌሩ ጀርባ ባለው ትርፍ ወንበር ላይ ተደረበ። እሷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና መስታወቱን ታያለች። በእኔ በኩል ያለውን መስኮት ትንሽ ከፈትኩ፤ "ኧረ ንፋሱ!" አሉ። አልዘጋሁትም። ተነስቼ ወደ ኋላ ሄድኩና አጠገቧ ባለው ባዶ ቦታ ተቀመጥኩ።

"እህቴ፣ ምን ሆነሽ ነው?" አልኳት።

ነጠላዋን ቀስ አድርጋ አወረደችና አየችኝ። ከዚያ መናገር ጀመረች። ጭሮ ገብተን ሰው ሁሉ እስኪወርድ ድረስ አላቆመችም።